ሰልባጅ፣ ፓልም ዘይትና የኮምቦልቻ ሼዶች፦ ግሎባላይዜሽን ለማን ይደርሳል?

ደሴ ላይ የፓልም ዘይት ጀሪካኑ ውስጥ ይረጋል። ጠዋት ወጥ ለመጣድ የሚፈልግ ሰው ጀሪካኑን ፀሐይ ላይ ያወጣዋል፣ ወይ ምድጃ አጠገብ ያስጠጋዋል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ግን ያው ዘይት ይፈሳል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች። የሁለቱም ዘይት የመጣው ግን ከአንድ አቅጣጫ ነው፤ በአብዛኛው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ።

ሚያዝያ 2014 ዓ.ም የኢንዶኔዥያ መንግሥት በአገር ውስጥ ዘይት ስለተወደደ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይላክ አገደ። እገዳው የቆየው ሦስት ሳምንት ከምናምን ነው። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሩሲያ ዩክሬንን ወርራ ነበር። ዩክሬን ደግሞ በዓለም ትልቋ የሱፍ ዘይት ላኪ ነበረች። ጃካርታ የተወሰነውንና ጥቁር ባሕር ላይ የተዘጋውን ወደብ ብዙዎቻችን አልሰማንም። ባለሱቁ ጋ ሄደን ዋጋ ስንጠይቅ ግን አወቅነው።

ግሎባላይዜሽን ማለት ይኸው ነው። አገሮች በሸቀጥ፣ በገንዘብ፣ በሰው ጉልበትና በመረጃ እየተሳሰሩ ሄደው፣ አንዱ ጋ የተወሰነው ሌላው ጓዳ ሲገባ። መጽሐፍ ላይ ረዘም ያለ ትርጉም አለው፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን ይህ ይበቃናል።

ብዙ ጊዜ ክርክሩ “ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው?” በሚለው ላይ ይቆማል። ለእኔ ጥያቄው ሌላ ነው። ከዚህ ትስስር ጥቅሙ ለማን ይደርሳል? እኔ እንደማየው፣ ሰንሰለቱ ውስጥ የራሱ የሆነ ነገር ይዞ ለገባ አገር ይደርሳል። ጨርቅ፣ ሙያ፣ ፋብሪካ፣ የሚከበር ሕግ ያለው ይጠቀማል። ጉልበቱን ብቻ ይዞ የገባ ግን ገበያው ሲያስነጥስ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኮምቦልቻ ትበቃለች።

መጀመሪያ ስለ መንገድ ትንሽ ልበል። ኮምቦልቻ ከውጭው ዓለም ጋር መገናኘት የጀመረችው ትናንት አይደለም። ከአሰብ ወደብ የሚመጣው፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት መንገድ በባቲ አድርጎ እዚህ ይወጣል። እስከ ግንቦት 1990 ዓ.ም፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስኪነሳ ድረስ፣ የአገሪቱ ዋና ወደብ አሰብ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያች በአንዲት አገር በኩል ነው። ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ሲመታ የእኛ ዕቃ የሚዘገየውም የሚወደደውም ለዚህ ነው።

መንገድ ብቻውን ደግሞ ዓለምን አላቀራረበም። ትልቁን ሥራ የሠራው ኮንቴነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ነጋዴ 58 ኮንቴነሮች አንድ መርከብ ላይ ጭኖ ከኒው ጀርሲ ወደ ቴክሳስ ላከ። ከዚያ በፊት ወዛደር በጀርባው እየተሸከመ መርከብ ሲጭን አንድ ቶን ወደ 6 ዶላር ይፈጅ ነበር። በኮንቴነር ወደ 16 ሳንቲም ወረደ። ጨርቅ ከቻይና፣ ዚፕ ከሌላ አገር አምጥቶ ኮምቦልቻ ላይ አሰፍቶ ኒውዮርክ መሸጥ አዋጪ የሆነው በዚህ ቁጥር ነው።

ወደ ፓርኩ እንግባ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ዓ.ም ነው። በመጀመሪያው ዙር 75 ሄክታር ላይ፣ ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት፣ ዘጠኝ ሼድ ይዞ። ገንቢው የቻይና ኩባንያ ነው። ከገቡት መካከል ሙሉ ልብስ የሚሰፋው የአሜሪካው ትራይበስ፣ ቦርሳ የሚሠራው የደቡብ ኮሪያው ፑንግኩክ፣ የሚለጠጥ ጨርቅ የሚያመርተው የጣሊያኑ ካርቪኮ ይገኙበታል። ከወረዳዎቹ የመጡ፣ አሥረኛና አሥራ ሁለተኛ የጨረሱ ልጆች ባጅ አንጠልጥለው ሰርቪስ መጠበቅ ጀመሩ። በእውነት ትልቅ ነገር ነበር። ደመወዝ የሚባል ነገር ቤታቸው ገብቶ የማያውቅ ቤተሰቦች ደመወዝተኛ ልጅ አገኙ።

እስቲ ኮቱን ጠጋ ብለን እንየው። ጨርቁ ከውጭ ይመጣል። ገበሩ፣ ቁልፉ፣ ክሩ፣ ዚፑ፣ አንዳንዴ የሚታሸግበት ካርቶን ሳይቀር ከውጭ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጨርቁ ከየትኛው ፋብሪካ እንደሚገዛ የሚወስነው አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለው ገዢ ነው። እዚህ ይቆረጣል፣ ይሰፋል፣ ይተኮሳል፣ ይታሸጋል፤ ተመልሶ ጅቡቲ ይወርዳል። ደንበኛው ጨርቁንም ክሩንም ይዞለት መጥቶ የእጅ ዋጋ ብቻ የሚቀበል ልብስ ሰፊ ታውቃላችሁ። አገር እንደዚያ ልብስ ሰፊ ሆነች ማለት ነው። ዜና ላይ “ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ኤክስፖርት ተደረገ” ሲባል ከዚያ ላይ ለጨርቁና ለክሩ ተመልሶ የወጣው ዶላር መቀነስ አለበት። እዚህ የሚቀረው ደመወዙ፣ መብራቱና የሼድ ኪራዩ ነው።

ደመወዙስ ስንት ነው? እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይ ባጠኑት መሠረት መነሻው በወር 26 ዶላር ነበር። በወቅቱ ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207 ዶላር ነበር። የእኛ ከልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር ማለት ነው። ለግል ድርጅት የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለንም። እንደ ኮምቦልቻ ባለ ከተማ ፓርክ ሲከፈት ደግሞ የቤት ኪራይ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ልጆቹ ሦስትና አራት ሆነው በደባል አንድ ክፍል ይከራያሉ። ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ኪራዩ ሲከፈል የሚተርፈው ምን እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል። ብዙዎች ጥቂት ወር ሠርተው የሚወጡት ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ሒሳቡ አልወጣ ብሏቸው ነው።

አሁን ደግሞ የጥቅምት 2014ን ሳምንት አስታውሱ። ለእኛ መቼም የሚረሳ አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ የተያዙት በዚያ ሳምንት ነው። ልክ በዚያው ሳምንት፣ ጥቅምት 23፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደሚያስወጡ አሳወቁ። አጎዋ የአፍሪካ አገሮች ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲሸጡ የፈቀደ የአሜሪካ ሕግ ነው። ያለ አጎዋ ከጥጥ የተሰፋ ቲሸርት 16 በመቶ ገደማ፣ ከሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሰፋ እስከ 32 በመቶ ቀረጥ ይጠብቀው ነበር። በሳንቲም ለሚጨቃጨቅ ገዢ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ከተማው ኅዳር መጨረሻ ላይ ሲለቀቅ ፋብሪካዎች ተዘርፈው ነበር። እገዳው ደግሞ ታኅሣሥ 23 ሥራ ላይ ዋለ። መርፌዋን ይዛ ተቀምጣ የነበረችው ልጅ ከጦርነቱም ከውሳኔውም ውስጥ እጇ የለበትም። ሁለቱም ግን መጥተው ያረፉት እሷ ላይ ነው።

ውሳኔው የተላለፈው በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ነው ተብሏል። ስለ ጥሰቱ ክብደት አልከራከርም። ቅጣቱ ግን ጥይት የተኮሰውን ሳይሆን የልብስ ስፌት ሠራተኛዋን ነው ያገኘው። ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

“ታዲያ ከነጭራሹ ባንገባበትስ?” የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ባንግላዴሽን ማየት ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ዴሽ የተባለ የባንግላዴሽ ድርጅት 130 ያህል ሠራተኞቹን ደቡብ ኮሪያ ልኮ በዴዉ ኩባንያ አሠለጠነ። ተመልሰው ጥቂት ከሠሩ በኋላ አብዛኞቹ ወጥተው የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ ወይም የሌላውን መምራት ጀመሩ። ዛሬ ባንግላዴሽ ውስጥ 4 ሚሊዮን ገደማ ሰው በዚህ ዘርፍ ይሠራል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከአገሪቱ የኤክስፖርት ገቢ ከ80 በመቶ በላይ ከልብስ ነው። የቲሸርትና የሹራብ ጨርቁን አብዛኛውን እዚያው ያመርቱታል። የእጅ ዋጋ ከመቀበል ወጥተዋል ማለት ነው።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ሚያዝያ 2005 ዓ.ም ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የተባለ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ። ከአንድ ቀን በፊት ግድግዳው መሰንጠቁ ታይቶ ነበር። ሠራተኞቹ ግን ግቡ ተባሉ። ከዚያ በኋላ ነው ከ200 በላይ የዓለም ብራንዶች በሕግ የሚያስገድድ የደኅንነት ስምምነት የፈረሙት። ሕንፃዎች ተፈተሹ፣ የእሳት መውጫ ተሠራ። ገዢዎቹ አቅሙ ነበራቸው። ከዚያ በፊት ግን ያስገደዳቸው አልነበረም።

ቻይና ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ንግድ ድርጅትን ከመቀላቀሏ በፊትም በኋላም የውጭ ኩባንያ ሲገባ ሙያውን እንዲያካፍል ትጠይቅ ነበር። በአርባ ዓመት ውስጥ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከከፋ ድህነት ወጥቷል። በታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። የዚያው ታሪክ ሌላው ገጽ አሜሪካ ውስጥ አለ። የቻይና ሸቀጥ በገፍ መግባቱ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2011 ድረስ ከ2 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ የሥራ ቦታዎችን እንዳሳጣ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይገምታሉ። ልብሱና ቴሌቪዥኑ ለሁሉም አሜሪካዊ ረከሰ። ሥራው የጠፋው ግን በተወሰኑ የፋብሪካ ከተሞች ነው። ጥቅሙ ለብዙ ሰው በትንሽ በትንሹ ይደርሳል፤ ጉዳቱ አንድ ሰፈር ላይ ይከመራል። ሀብታም አገር ውስጥም ሕዝቡ በንግድ ላይ የሚቆጣው ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ስለ ሰልባጅ። ኢትዮጵያ ውስጥ ልባሽ ጨርቅ ማስገባት ክልክል ነው። ግን ይገባል፣ ይሸጣል፣ ይለበሳል። ብዙ ጊዜም ከአዲሱ ይሻላል፤ ጂንሱ አይለቅም፣ ጃኬቱ የደሴን ብርድ ይችላል። የደሃ ቤተሰብ ልጆች በእሱ ለብሰው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በሌላ በኩል እንደ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ያለ ፋብሪካና ሰፈር ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ጊዜ ተለብሶ አውሮፓ ውስጥ በነፃ ከተሰጠ ሸሚዝ ጋር በዋጋ እንዴት ይወዳደራል?

ሩዋንዳ ይህን ለመከላከል ሞከረች። እ.ኤ.አ. በ2016 በአንድ ኪሎ ልባሽ ጨርቅ ላይ የነበረውን 20 ሳንቲም ቀረጥ ወደ 2.50 ዶላር አሳደገች። የአሜሪካ የልባሽ ጨርቅ ነጋዴዎች አቤት አሉ። በ2018 አሜሪካ የሩዋንዳን ልብስ ከአጎዋ አገደች። ኬንያና ታንዛኒያ ወደ ኋላ አሉ፤ ሩዋንዳ ግን ጸናች። ትንሽ አገር የራሷን ገበያ ልጠብቅ ስትል ምን እንደሚገጥማት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ጋና ደግሞ በሩን ክፍት አድርጋለች። አክራ ውስጥ ካንታማንቶ የሚባለው ገበያ በሺዎች የሚቆጠሩ ነጋዴዎችንና ሰፊዎችን ያኖራል። የማይሸጠው ጨርቅ ግን ቦይ እየደፈነ፣ ከዚያም ባሕሩ ዳር እየተከመረ ነው። የሀብታሙ ዓለም ቁም ሣጥን ሲጸዳ ቆሻሻው የሚደፋው እዚያ ነው።

ስለ ባህል ብዙ አልልም። የቱርክ ድራማ በአማርኛ ይታያል፣ ቅዳሜ ደሴ ላይ ፕሪምየር ሊግ የማያሳይ ካፌ ማግኘት ያስቸግራል፣ ከቻይና ታትሞ የሚመጣው የሀበሻ ቀሚስ ጨርቅ የሸማኔውን እንጀራ ይነካል። ይህ ሁሉ አለ። ለወሎ ግን ከዚህ ሁሉ የሚከብድ አንድ ነገር አለ፤ ዓረብ አገር።

ደቡብ ወሎ ሰው በብዛት ከሚሰደድባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከሳዑዲ ጋር በተደረገው ስምምነት ለቤት ሠራተኛ የተቀመጠው ደመወዝ በወር 1,000 ሪያል ነው፤ 267 ዶላር ገደማ። ከሐዋሳው ፓርክ 26 ዶላር ጋር አስተያዩት። አሥር እጥፍ ነው። አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ “ለምን ትሄዳለች?” ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ሒሳቡን ግን እሷ በደንብ ሠርታዋለች። በላከችው ገንዘብ ቆርቆሮ ቤት ይሠራል፣ ወንድም ይማራል፣ እናት ትታከማለች። ሌላም የሚከፈል አለ። ከፋላ በሚባለው አሠራር ሠራተኛዋ አሠሪዋ ሳይፈቅድ ሥራ መቀየር ይከብዳታል። ልጇን አያት ታሳድጋለች። በሕገ ወጥ መንገድ በጅቡቲና በየመን ከሚሄዱት መካከል በረሃና ባሕር ላይ የሚቀሩ አሉ። በ2006 ዓ.ም ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። ዕቃ ድንበር ሲሻገር ዋስትና፣ ኢንሹራንስ፣ ውል አለው። ሰው ሲሻገር ግን ይህ ሁሉ ይጎድላል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ቦርከናን ሳላነሳ አላልፍም። ወንዙ ደሴን አቋርጦ፣ ኮምቦልቻ ላይ ከፋብሪካዎች በኩል የሚመጡትን ወንዞች ተቀብሎ፣ በጨፋ ሜዳ አልፎ አዋሽ ይገባል። ኮምቦልቻ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከቆዳ ፋብሪካ በኩል ክሮሚየም፣ ከብረት ሥራ በኩል ዚንክ ወንዝ ውስጥ እንደሚገባ አሳይተዋል። የደሴ የራሷ ቆሻሻም አለበት፤ ሁሉንም በፋብሪካና በውጭ ገበያ ማሳበብ አይሆንም።

የቆዳው ነገር ግን የዚህ ጽሑፍ ዋና ምሳሌ ሊሆን ይችላል። መንግሥት ጥሬ ቆዳ ወደ ውጭ ከመላክ እዚህ ተለፍቶ ይላክ ብሎ በጥሬውና በከፊል በተለፋው ላይ 150 በመቶ ታክስ ጣለ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የእጅ ዋጋ ከመቀበል ለመውጣት ነው። ችግሩ፣ ቆዳ በክሮም የሚለፋበት ደረጃ በጣም ከሚያቆሽሹት ሥራዎች አንዱ ነው። ያለቀለት ቆዳ ጣሊያን ሄዶ ጫማና ቦርሳ ይሆናል። ክሮሙ እዚህ ይቀራል። የፍሳሽ ማጣሪያ ተሠርቶ በየቀኑ ካልሠራ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው ከታች ቃሪያና ቲማቲም የሚያጠጣው ገበሬና ከብቱን ጨፋ የሚያወርደው አርብቶ አደር ነው። የአውሮፓ ሕግ የራሱን ወንዝ ይጠብቃል። ቦርከናን ሊጠብቅ የሚችለው የእኛ ሕግ ብቻ ነው። ዘይታችንም ቢሆን ሌላው ዳር ላይ ዕዳ አለበት። ሱማትራና ቦርኒዮ በሚባሉት ደሴቶች ላይ ሰፊ ደን እየተመነጠረ ፓልም ተተክሎበታል።

አንድ ውሳኔ ለተለያየ ሰው የተለያየ ፊት እንዳለው የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ እንዲመነዘር ተወሰነ። ከዓለም የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ተፈቀደ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ለላኪው ደስታ ነው፤ ዶላሩ ብዙ ብር ያመጣለታል። ለውጭው ባለሀብት የሠራተኛው ደመወዝ በዶላር ሲታሰብ ረከሰ። ሳዑዲ ልጅ ያላት እናት የሚደርሳት ብር ጨመረ። ፓርኩ ውስጥ የምትሠራው ግን ደመወዟ በብር ነው፤ ዘይቷ ደግሞ በዶላር የተገዛ ነው።

የባቡሩን ነገር ደሴም ኮምቦልቻም ለዓመታት ሲጠብቁ ኖረዋል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር የቱርኩ ያፒ መርኬዚ በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል ያዘ። ከቱርክና ከአውሮፓ ባንኮች ተበድረንበታል። የመስመሩ ንብረት ከጦርነቱ ዘረፋ አልተረፈም። ዕዳው ግን በዶላር ይቆጠራል። ባቡሩ በወጉ ሥራ ሲጀምር ስለ ምርቃቱ ብዙ ይባላል። እኔ የማየው ፉርጎው የጫነውን ነው። ከጅቡቲ የቻይና ጨርቅ አምጥቶ ኮት አድርጎ ከመለሰ፣ ያው የእጅ ዋጋ ነው። መስመሩ የሚነሳበት አዋሽ ግን የጥጥ አገር ነው፤ አሚባራና መልካ ወረር ጥጥ ይመረታል። ጥጡ በዚያ ሀዲድ ኮምቦልቻ መጥቶ እዚሁ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ፣ ተሰፍቶ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። ለዚያ የሚያስፈልገው ማሽን፣ ብድርና የሠለጠነ ሰው ነው። የሠለጠነውን ሰው በተመለከተ፣ ፓርኩ ውስጥ ዓመታት የሠሩ ሱፐርቫይዘሮች ኮምቦልቻ ውስጥ አሉ።